የዝገት ልክ

ከአስቲ ወደ ምሥራቅ፣ ወይን ተክሉ ሲያልቅ፣
አሮጌው ጎዳና ከአዲሱ ሲላቀቅ፣
ሮካሜላ በምትባል ባለ አርባ ቤት መንደር
አንድ ታፔላ አለ፣ ተገትሮ የሚያድር።
ደጁ የጠፋበት ዘበኛ ይመስላል፤
ጋራዡ ከተዘጋ ሠላሳ ዓመት አልፎታል።
«ጎማ። ዘይት። ቤንዚን።» ይላል እስከ ዛሬ፣
እንደ ጡረተኛ ሰው ደጋግሞ አንድ ወሬ።

ሸራዬን ዘረጋሁ ከማዶ ካለው ቦይ፣
ማለዳ፣ ጤዛውን ሳታገኘው ፀሐይ።
ሥራዬ ያዩትን እንዳዩት ማስፈር ነው፤ ቀላል ይመስለኝ ነበር፣
ዝገት አንድ ቀለም ሳይሆን ሀገር መሆኑን ሳልማር።

ከሚስማሩ ጀምሮ የወረደው መስመር
(እንባ አልለውም፤ እንባ ለገጣሚ ይቅር)
የዝናብ መንገድ ነው፤ ላዩ ብርቱካን፣ ጫፉ ጠይም፣
መሐሉ ቀይ አይደለም፣ ቡኒም አይደለም፤
ሦስት ቀን በጠበጥኩ፣ ሦስት ቀን ደፋሁ፣ አልመጣልኝም።
በአራተኛው ቀን ጣቴን ልሼ ላሜራውን ነካሁ፤
ጣቴ ላይ የቀረውን ሸራው ላይ አሸሁ።
መጣ።
እንዲህ ያለው ሌብነት ለማን ይነገራል?
ዝገቱ ራሱን በራሱ ይሥላል።

የተላጠው ነጭ ጠርዙ ወደ ላይ ታጥፏል፣
እንደ ደረቀ ቅጠል፤ ከሥሩ ጥላ አድርጓል።
ጥላዋ ፀጉር ታህላለች፤ እሷን ከሳትኩ በቃ፣
ላሜራው ወረቀት ነው፣ ልፋቴም ጭቃ።
ከ«ጎማ» በታች ደግሞ ሌላ ጽሑፍ አለ፣
ነጩ ሲሳሳ የበቀለ፤
ግማሽ ፊደል፣ ሰማያዊ፣ የሳሙና ይሁን የቢራ
አላወቅኩም፤ ሳላውቅ ሣልኩት፣ ከነጭረቱ፣ ከነኪሳራ።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሽማግሌ መጣ፣
ብስክሌቱን እየገፋ፤ ከጀርባዬ ቆመ፣ ሲጋራውን ከአፉ ሳያወጣ።
ኦሬስቴ ይባላል። «ይህችን የጻፍኩ እኔ ነኝ» አለ፤
«በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ መሰላል ላይ፣ እጄ እየዋለለ።
ባለጋራዡ ዋጋውን አስቀድሞ በወይን ሰጠኝ፤
ቤንዚን ላይ ያለችው ዜድ ዘመመች፤ እስከ ዛሬ አልለቀቀችኝ።»

ከዚያ ሥዕሌን አየ። ብዙ ቆይቶ አየ።
«እጅሽስ ጎበዝ ነው፤ ግን ለምን ታማ ሣልሻት?
ደህና ሆና አላየሻት!
ፎቶ አንሺ እንኳ ሽማግሌን ‹ኮትህን ቆልፍ› ይላል፣
‹ፀጉርህን አበጥር› ይላል።»
ምን ልመልስ? ያረጀ ነገር ያምራል ይባላል፤
ያረጀበት ሰውዬ ግን ማን ይቀበላል?

ሰኞ ማለዳ ስመለስ የመንገዱ ዳር አበራ።
ታፔላው እንደ ሙሽራ
ነጭ፣ ቀይ፣ የሚያንጸባርቅ፣ ገና ያልደረቀ፤
ከሥሩ ባዶ ቆርቆሮ፣ በናፍጣ የራሰ ጨርቅ የወደቀ።
ሌሊቱን ሙሉ፣ በሰማንያ አንድ ዓመቱ፣ በዚያው መሰላል፤
ዜድዋን አቃንቷታል።

ተቀመጥኩ። ሳቅሁ። ትንሽም አለቀስኩ መሰለኝ፤
የሥዕሌ ሲሶው ይቀራል፣ የማየው ጠፋኝ።
የዳነን በሽተኛ «ምነው ባልተነሣህ» ይሉታል?

ኦሬስቴ መጣ፤ እጁ እስከ ክርኑ ቀይ።
«በይ እንግዲህ ሣያት፤ አሁን ነው የምትታይ።»

ሣልኳት። ግራው እንደዛገ፣ ቀኙ እንዳበራ፣
የአንዲት ታፔላ ሁለት ዕድሜ፣ ባንድ ሸራ።
ሕጌ ያዩትን መሣል ነው፤ ያየሁት ይኸው።
ዜድዋን ግን እንደዘመመች ተውኳት፤ ያ ነው
ከሕጌ ያፈነገጥኩት።
ኦሬስቴ ጣቱን ዘረጋ፣ ሳይነካት መለሰው።
«እጄ ነች» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረው።

መስከረም ላይ ዝናብ ጣለ። በአውቶቡስ ሳልፍ፣ ከሚስማሩ ሥር
የጤፍ ፍሬ የምታህል ብርቱካን ነጥብ አየሁ፣ ትናንት ያልነበረች።
ለኦሬስቴ አልነገርኩትም።